ለዓይን ቀዶ ሕክምና የሚውሉ የአካባቢ ማደንዘዣዎች፦ ምኑን ከምን ጋር እናወዳድር?

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የገለጻ መድረክ የቀረበ፤ ሙሉ ቃል



 እኔ የፋርማኮሎጂ መምህር እንጂ የዓይን ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ከእኔ የሚጠበቀው የመድኃኒቶቹን ስም በተርታ ጠርቼ፣ የአንዱን ጉልበት ከሌላው ጋር መዝኜ፣ በመጨረሻ «ይኸኛው ይበልጣል» ብዬ መደምደም ሊሆን ይችላል። የማቀርበው ሐሳብ ግን ከዚህ ይለያል። በመድኃኒቶቹ መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ሆኖም የታካሚውን ዕጣ አብዝቶ የሚወስነው መድኃኒቱ ወደ ዓይን የሚደርስበት መንገድ ነው። መንገዱን፣ የቀዶውን ዓይነትና የታካሚውን ሁኔታ ያላገናዘበ ንጽጽር፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን፣ ጠረጴዛው አጠገብ ለቆመው ሐኪም መልስ አይሰጥም።

ጥያቄው ለአገራችን ከቤተ ሙከራ ያለፈ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 ከመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ መንስኤው የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን፣ 11.5 ከመቶው ደግሞ ትራኮማ በኮርኒያ ላይ ባስከተለው ጠባሳ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ወደ ውስጥ የተቀለበሰው የዓይን ቆብም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ሁለቱም በአዋቂዎች ላይ ሲሠሩ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ታካሚው ነቅቶ፣ እየሰማና እየተናገረ፣ በአካባቢ ማደንዘዣ ነው የሚሠሩት። አንድ ዓይናቸው አስቀድሞ የጠፋባቸው ሰዎች ከታካሚዎቹ መካከል ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ የማደንዘዣው መርፌ አቅጣጫውን ቢስት የሚጠፋው ያላቸው ሁሉ ነው።

፩. አንድ መድኃኒት፣ ሁለት መንገድ

የአካባቢ ማደንዘዣ ታሪክ የሚጀምረው ከዓይን ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1884 በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ በተካሄደው የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ላይ የቪየናው ሐኪም የካርል ኮለር ጽሑፍ ተነበበ። ኮለር ለጉዞው የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረው ጽሑፉን ያቀረበለት ጆሴፍ ብሬታወር የተባለ ሐኪም ነበር። ኮለር ኮኬይንን በእንቁራሪትና በጥንቸል ዓይን ላይ ከሞከረ በኋላ በገዛ ዓይኑ ጨምሮ፣ ኮርኒያውን በመርፌ ቁልፍ አናት እየነካ ስሜት አለመኖሩን አረጋግጦ ነበር። በዚያው ዓመት ኸርማን ክናፕ ይህንኑ መድኃኒት ከዓይን ኳስ ጀርባ በመርፌ መስጠት መቻሉን ዘገበ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት መንገዶች ተከፈቱ፤ አንዱ ጠብታ፣ ሌላው መርፌ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቶቹ ብዙ ጊዜ ተተክተዋል። ፕሮኬይን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ መጣ፤ ሊዶኬይን እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድን በኒልስ ሎፍግሬን ተቀመረ፤ ቡፒቫኬይን በ1957 ተከተለ። በጠብታና በመርፌ መካከል ያለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

፪. መድኃኒቶቹ በምን ይለያያሉ?

ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነው። በነርቭ ሽፋን ላይ ያሉትን የሶዲየም መተላለፊያዎች ከውስጥ በኩል ይዘጋሉ፤ ሶዲየም ካልገባ የሕመም መልእክት አይተላለፍም። ልዩነታቸው በፍጥነት፣ በቆይታና በጎጂነት ነው።

ፍጥነትን በሚመለከት፣ ወደ ነርቩ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው የመድኃኒቱ ክፍል ነው። በሰውነታችን መደበኛ የአሲድነት መጠን ከሊዶኬይን 24 ከመቶ ያህሉ፣ ከቡፒቫኬይን ደግሞ 17 ከመቶ ያህሉ በዚህ መልክ ይገኛል። ሊዶኬይን ቀድሞ የሚይዘው በከፊል ስለዚህ ነው። ቆይታን በሚመለከት ነገሩ ይገለበጣል። ቡፒቫኬይን በስብና በፕሮቲን ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ከዓይን ጀርባ ሲሰጥ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከ4 ሰዓት በላይ ይዘልቃል፤ 2 ከመቶ ሊዶኬይን ብቻውን ሲሰጥ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ነው።

ብዙዎች ሁለቱን በእኩል መጠን ይቀላቅላሉ፤ የአንዱን ፍጥነትና የሌላውን ቆይታ በአንድ ሲሪንጅ ለማግኘት። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡ አይዘንጋ። 5 ሚሊሊትር የ2 ከመቶ ሊዶኬይን ከ5 ሚሊሊትር የ0.5 ከመቶ ቡፒቫኬይን ጋር ሲቀላቀል፣ በእጃችን ያለው 1 ከመቶ ሊዶኬይንና 0.25 ከመቶ ቡፒቫኬይን ነው። እያንዳንዱ በግማሽ ቀጥኗል። ረጅም ቆይታም ሁልጊዜ ጸጋ አይደለም። ከቀዶው በኋላ ለሰዓታት የማይከደንና የማይንቀሳቀስ ዓይን በሚገባ ካልተሸፈነ ኮርኒያው ይደርቃል፤ ሕመም የማይሰማው ታካሚም ዓይኑን ማሸቱን አያውቅም።

በጠብታዎቹ በኩል፣ ቴትራኬይን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ በደቂቃ ውስጥ የሚይዝ፣ ግን ሲገባ የሚያቃጥል መድኃኒት ነው። ፕሮፓራኬይን ማቃጠሉ ያነሰ ቢሆንም በቅዝቃዜ መቀመጥ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ጤና ጣቢያ ይህ ጥቅሙን ያሳንሰዋል። የሊዶኬይን ጄል ከጠብታ የበለጠ ይቆያል። ነገር ግን ጄሉ ከአዮዲን መድኃኒቱ በፊት ከተቀባ አዮዲኑ ጀርሞቹ ዘንድ እንዳይደርስ ሊጋርደው ስለሚችል ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ሁሉም ጠብታዎች ደጋግመው ሲገቡ የኮርኒያን የላይኛ ሽፋን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ለታካሚ «ሲያምህ ጨምር» ተብሎ ወደ ቤት የሚሰጥ የማደንዘዣ ጠብታ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። የተለመደው የሊዶኬይን ከፍተኛ መጠን ያለ አድሬናሊን በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 4.5 ሚሊ ግራም ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ይህ 225 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከዓይን ጀርባ የምንሰጠው 5 ሚሊሊትር የ2 ከመቶ ሊዶኬይን 100 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በቡፒቫኬይንም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። በመጠን ረገድ ከወሰኑ በታች ነን። እንዲያም ሆኖ በዚህ መጠን ሰዎች ራሳቸውን ስተዋል፣ መተንፈስም አቁመዋል። የመጠን ሠንጠረዥ ይህን አያብራራም፤ የሚያብራራው መድኃኒቱ የገባበት ቦታ ነው።

፫. መንገዶቹ በምን ይለያያሉ?

የእይታ ነርቭ እንደ ሌሎቹ ነርቮች አይደለም። አንጎልን የሚሸፍኑት ሽፋኖች እስከ ዓይን ኳስ ድረስ ይከተሉታል፤ በሽፋኖቹ መካከል ያለው ፈሳሽም ከአንጎል ፈሳሽ ጋር የተገናኘ ነው። ከዓይን ጀርባ የገባ ስል መርፌ ይህን ሽፋን ቢወጋ፣ መድኃኒቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል። ምልክቶቹ የንግግር መደናገር፣ ያልተወጋው የሌላው ዓይን ብሌን መስፋት ወይም እንቅስቃሴ መቆም፣ ቀጥሎም የትንፋሽ መቋረጥ ናቸው። በጊዜው ከታወቀና ትንፋሹ ከታገዘ ታካሚው ይድናል። ካልታወቀ ደግሞ በሸፈነው ጨርቅ ሥር ጸጥ ብሎ ይሞታል። የሌላውን ዓይን ብሌን አይቶ መመለስ፣ የትንፋሽ መርጃ ፊኛና ኦክሲጅን በአጠገብ ማኖር ስለዚህ ቅንጦት አይደለም።

ሬትሮቡልባር የሚባለው ይህ ጥልቅ መርፌ በጥቂት ሚሊሊትር ዓይንን ሙሉ በሙሉ ያደነዝዛል፣ እንቅስቃሴውንም ያቆማል። ዋልተር አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1936 ባስተዋወቀው ዘዴ ታካሚው ወደ ላይና ወደ አፍንጫው እንዲመለከት ይደረግ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በራጅ ቅኝት የተደረገ ጥናት ግን ይህ አመለካከት የእይታ ነርቭን ወደ መርፌው መንገድ እንደሚያመጣው አሳየ። ዛሬ ታካሚው ፊት ለፊት እንዲያይ የምናዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከ31 ሚሊ ሜትር የረዘመ መርፌም አይመከርም።

ፔሪቡልባር የተባለው መንገድ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተስፋፋው ይህን አደጋ ለመቀነስ ነው። መርፌው ከዓይን ጡንቻዎች ክበብ ውጭ ይቀራል፤ መድኃኒቱ በዛ ብሎ ይሰጥና ሰርጎ እንዲገባ ይጠበቃል። ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ሕመምን በመከላከልም ሆነ እንቅስቃሴን በማቆም ጉልህ ልዩነት አልተገኘባቸውም። ፔሪቡልባር ተጨማሪ መርፌ አዘውትሮ ይጠይቃል፤ የዓይን ነጭ ሽፋን እብጠትም ይበዛበታል። ሬትሮቡልባር ደግሞ የዓይን ቆብ ደም መቋጠር ይበዛበታል።

ሦስተኛው መንገድ ሰብ ቴነን ይባላል። የዓይኑ ነጭ በጠብታ ከደነዘዘ በኋላ ከታች በአፍንጫ በኩል በመቀስ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ካኑላ በምንለው ዱልዱም፣ ቀጭንና ጎባጣ ቱቦ አማካይነት መድኃኒቱ ቴነን በተባለው ሽፋን ሥር ይለቀቃል። ስል ነገር ወደ ኋላ አይሄድም። ደም አቅጥን ለሚወስዱ ሰዎችና ዓይናቸው ከመጠን በላይ ለረዘመ ሰዎች ይህ መንገድ ይመረጣል። የዓይን ነጭ መድማትና ማበጥ ይታይበታል፤ ከባድ ጉዳትም አልፎ አልፎ ተዘግቧል። አደጋ የሌለበት ነው ማለቴ አይደለም፤ አደጋው ከስል መርፌው ያነሰ ነው።

ስለ ዓይን ርዝመት አንድ ቃል ልጨምር። ቅርብ ብቻ የሚያይ ሰው ዓይኑ ረጅም፣ ግድግዳውም ስስ ነው፤ ስል መርፌ ሊበሳው ይችላል። በአልትራሳውንድ ርዝመቱን መለካት ባልተቻለበት ቦታ «ወፍራም መነጽር ታደርግ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይመከራል። ነገር ግን በሕይወቱ መነጽር አግኝቶ ለማያውቅ ገበሬ ይህ ጥያቄ ምንም አይነግረንም። «ሞራው ሳይመጣ በፊት ከሩቅ የሚመጣን ሰው ትለይ ነበር ወይ?» ብንል የተሻለ መልስ እናገኛለን።

አራተኛው መንገድ ጠብታ ብቻ፣ ወይም ጠብታ ከዓይን የፊት ክፍል ውስጥ ከሚጨመር 1 ከመቶ ሊዶኬይን ጋር ነው። ይህ ሊዶኬይን ማቆያ ኬሚካል የሌለበት መሆን አለበት፤ ማቆያው የኮርኒያን የውስጥ ሴሎች ይገድላል። ጠብታ የመርፌን አደጋ በሙሉ ያስቀራል። ዓይኑን ግን አያቆመውም፤ ታካሚው ሐኪሙን መተባበር አለበት።

፬. የትኛው ቀዶ?

ብዙ ተማሪዎች «ባደጉት አገሮች የሞራ ቀዶ በጠብታ ብቻ ይሠራል፤ እኛስ ለምን መርፌ እንጠቀማለን?» ይላሉ። መልሱ ያለው በቀዶው ዓይነት ላይ ነው። በእነዚያ አገሮች የሚዘወተረው ሞራውን በአልትራሳውንድ ፈጭቶ የሚያወጣው ቀዶ ሦስት ሚሊ ሜትር በማይሞላ የኮርኒያ ቀዳዳ ያልቃል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚሠራው ግን በእጅ የሚከናወነው የአነስተኛ ቀዳዳ ቀዶ ነው። ቀዳዳው ስድስት፣ ሰባት ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በዓይን ነጭ በኩል ይቆፈራል፤ ደሙ በሙቀት ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜም የላይኛው ጡንቻ በክር ይያዛል። ጠብታ ኮርኒያን ቢያደነዝዝ የጡንቻን መጎተትና የሙቀትን ሕመም አያስቀርም። በተመረጡ ታካሚዎች ላይ ቢሞከርም፣ በአንደኛው ቀዶ የተገኘን ውጤት ለሌላኛው ማዋስ አይገባም።

በሌላ በኩል በትራኮማ የተቀለበሰ የዓይን ቆብ ቀዶ በአገራችን በገጠር ጤና ጣቢያ፣ በሠለጠኑ ጤና ባለሙያዎች የሚሠራ ነው። እዚያ ከዓይን ጀርባ የሚሄድ መርፌ የለም፤ ሊዶኬይኑ ከቆቡ ቆዳ ሥር ይሰጣል። የሚያስጨንቀውም መርፌው ራሱ የሚያስከትለው ሕመም ነው። አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን አሲድነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ሲገባ ያቃጥላል። በዝግታ መውጋት፣ መድኃኒቱን በእጅ ማሞቅ፣ በተገኘ ጊዜም ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ሶዲየም ባይካርቦኔት መጨመር ቃጠሎውን ይቀንሳል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። የቀኝ ዓይን ቆባቸው የተሠራላቸው እናት ለግራው ተመልሰው ይመጡ እንደሆነ ግን የሚወስነው የመጀመሪያው መርፌ ትዝታ ነው።

፭. የምንለካው ምንድን ነው?

የመጨረሻው ነጥቤ በተለይ የመመረቂያ ጥናት ለምታዘጋጁ ተማሪዎች ነው። አብዛኞቹ የንጽጽር ጥናቶች የሚለኩት ሕመምን ነው፤ ታካሚው ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እንዲሰጥ ይጠየቃል። በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለኝ።

የመጀመሪያው የቋንቋ ነው። አንዲት አረጋዊት ከጠረጴዛው ሲነሡ «እንዴት ነበር እማማ?» ቢባሉ «ቻልኩት ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ። መዝጋቢው «ሕመም የለም» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን «ቻልኩት» ማለት አልተሰማኝም ማለት አይደለም፤ ተሰምቶኝ ታገሥኩት ማለት ነው። በባህላችን ለሐኪም ማማረር እንደ ውለታ ቢስነት ስለሚቆጠር የቁጥር መለኪያው ትዕግሥትን ከመደንዘዝ አይለይም። ስለዚህ «ወጋዎት? አቃጠለዎት? ከበደዎት? መቼ?» ብለን በቃላቸው እንጠይቅ። ጠያቂውም ቀዶውን የሠራው ሰው አይሁን። ከቃሉም ጋር የሚታየውን እንመዝግብ፤ ጭንቅላት ማራቅን፣ እጅ መጨበጥን፣ የተጨመረ መርፌን።

ሁለተኛው የስሌት ነው። አንድ ጥናት መቶ ታካሚዎችን ተከታትሎ «ምንም ከባድ ጉዳት አልታየም፤ ስለዚህ ዘዴው አስተማማኝ ነው» ቢል፣ ድምዳሜው ከመረጃው ይበልጣል። ከመቶ ሰው ዜሮ ጉዳት ማየት እውነተኛው መጠን እስከ 3 ከመቶ ሊደርስ ከሚችልበት ሁኔታ ጋር አይጋጭም። የዓይን ኳስ መበሳትን ያህል ከብዙ ሺህ አንድ ጊዜ የሚደርስ ነገር በመቶ ሰው አይታይም። ባለመታየቱ ግን የለም ማለት አይደለም። ስለሆነም ትንንሽ ጥናቶቻችን ስለ ሕመምና ስለ ዓይን እንቅስቃሴ ሊነግሩን ይችላሉ፤ ስለ ደኅንነት ግን ብቻቸውን ሊፈርዱ አይችሉም።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየቀዶ ክፍሉ ለእያንዳንዱ ማደንዘዣ አንድ መስመር ይመዝገብ፦ መድኃኒቱና መጠኑ፣ መንገዱ፣ የሰጠው ሰው የሥልጠና ደረጃ፣ ተጨማሪ መርፌ መኖር አለመኖሩ፣ የደረሰ ጉዳት። ይህን መዝገብ ለማስጀመር አንድ ደብተር በቂ ነው። ሆስፒታሎች መዝገባቸውን ሲያስተባብሩ መቶው ሺህ፣ ሺሁ አሥር ሺህ ይሆናል። ያኔ ስለ ደኅንነት ከራሳችን ታካሚዎች ተነሥተን መናገር እንችላለን።

ለማጠቃለል፤ በዓይን ቀዶ ሕክምና ሊዶኬይንም ቡፒቫኬይንም ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ምርጫ በዋነኛነት የጊዜ ምርጫ ነው። በስል መርፌ፣ በዱልዱም ቱቦና በጠብታ መካከል ያለው ምርጫ ግን የአደጋ ምርጫ ነው። ቀዶው ዓይን እንዲቆም ካልጠየቀና ታካሚው መተባበር ከቻለ ጠብታ ይበቃል። ዓይን መቆም ካለበትና ባለሙያው ከሠለጠነ ሰብ ቴነን ይቅደም፤ በተለይ ዓይኑ ረጅም ለሆነ፣ ደም አቅጥን ለሚወስድ፣ ከሁሉም በላይ አንድ ዓይን ብቻ ለቀረው ሰው። ስል መርፌ መጠቀም ግድ ሲሆን መርፌው አጭር፣ የታካሚው አመለካከት ፊት ለፊት፣ የትንፋሽ መርጃውም በእጅ ቅርብ ይሁን። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደየሆስፒታሉ ለምትሄዱ ተማሪዎች አደራ የምለው ዱልዱሙን ቱቦ መጠቀም በሥልጠና ላይ ሳላችሁ እንድትለምዱ ነው፤ በኋላ በዘመቻ ላይ፣ ወረፋው ረዝሞ ሰዓቱ ሲያጥር፣ እጅ የሚሄደው ወደ ለመደው ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።